ሽያጩ አድጎ አክሲዮኑ ለምን ወደቀ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ በርበሬ ዋጋ ወይም ስለ ሞያሌ መንገድ አይደለም፤ ስለ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ አክሲዮን ነው። «ባልትና ሻጭና አክሲዮን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ያገናኘን ዕቁባችን ነው።

ዕቁባችን አሥራ አራት ሰው ነው። በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዳችን አንድ ሚሊዮን ሽልንግ እንጥላለን። በ2024 ሴፕቴምበር መጀመሪያ (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ዕጣው ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ለሆነው የቡና ነጋዴ ወጣ። ገንዘቡ የታሰበው ለበዓል ዕቃ ነበር። በዚያው ሰሞን ሲያትል ያለው የእህቴ ልጅ ደወለ። ሥራው ሶፍትዌር ነው። «አክስቴ፣ ኢላስቲክ የሚባል ኩባንያ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ወረደ። ሽያጩ ግን አድጓል። እንዲህ ያለ ዋጋ ሁልጊዜ አይገኝም፤ የዕቁቡን ገንዘብ ብትልኩልኝ እገዛላችኋለሁ» አለኝ። የቡና ነጋዴው ልጅ አጠገቤ ነበርና ሰማ። ከዚያ በኋላ ስለ በዓል ዕቃ ማን ያውራ!

የዕቁቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ዳኛችን «አንቺ የጻፍሽውን እናምናለን፤ ነገሩን አጣርተሽ ንገሪን» አሉኝ። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር እየተደዋወልኩ፣ ያላወቅሁትን እየጠየቅሁ አጣራሁ። ያገኘሁት ለአንድ ዕቁብ ብቻ የሚበቃ ስላልመሰለኝ ለእናንተም እጽፈዋለሁ።

ለሚስት የተሠራው ፕሮግራም

የኢላስቲክ መሥራች ስሙ ሻይ ነው፤ ሻይ ባኖን። ልጁ ይህን ሲሰማ «ቡናስ የሚባል አጣችሁ?» ብሎ አስቆናል። የባኖን ባለቤት ለንደን ውስጥ የምግብ ሥራ ስትማር፣ የምግብ አሠራር ጽሑፎቿን በቀላሉ ፈልጋ የምታገኝበት ፕሮግራም ሊሠራላት ጀመረ። ከዚያ ሥራ እያደገ የመጣው ኢላስቲክሰርች በ2010 ለሕዝብ ወጣ። ኩባንያው ደግሞ በ2012 አምስተርዳም ውስጥ ተቋቋመ። የፕሮግራሙ ሥራ መፈለግ ነው፤ ከሚሊዮን ጽሑፍ መካከል የተጠየቀውን በቅጽበት አውጥቶ ያመጣል። ዊኪፔዲያ ላይ ቃል ጽፋችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ለዓመታት ከጀርባ ሆኖ ይፈልግላችሁ የነበረው እሱ ነበር።

ባኖን ፕሮግራሙን የለቀቀው ኦፕን ሶርስ አድርጎ ነው። በአማርኛ «ክፍት ምንጭ» ይሉታል። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው ማለት ነው፤ የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ይለውጠዋል፣ ለሌላ ይሰጠዋል፤ ገንዘብ አይጠየቅም።

ዕቁባችን ውስጥ መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ ይሄው ነበር፦ «በነፃ የሚሰጥ ሰው ከምን ይበላል?» እኔ መልሱን ከራሳችን ሰፈር አገኘሁት። የእንጀራ አሠራር ምስጢር ነው እንዴ? እርሾው፣ አብሲቱ፣ ምጣዱ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንም እናት ለጎረቤቷ በነፃ ታስተምራለች። ሆኖም ከጋባ መንገድ እስከ ታንክ ሂል ድረስ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በየቀኑ እንጀራ ይገዛሉ። የሚከፍሉት ለአሠራሩ ሳይሆን ሊጥ ላቦካው እጅ፣ ሌሊት ተነስቶ ለጋገረው ጉልበትና ጠዋት ሳይዘገይ ለሚደርሰው ሞተር ነው። ኢላስቲክም እንደዚያው ነው። ፕሮግራሙን በነፃ ትወስዳላችሁ፤ «እናንተው በማሽናችሁ አሂዱልን፣ ጠብቁልን፣ ሲበላሽ ድረሱልን፣ ተጨማሪውን ዕቃ ጨምሩልን» ስትሉ ግን ትከፍላላችሁ። በዚህ መንገድ አድጎ በ2018 ኦክቶበር ኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ። አንዱ አክሲዮን በ36 ዶላር ተሽጦ በመጀመሪያው ቀን መጨረሻ 70 ዶላር ደረሰ።

ትልቁ ሆቴል ሲመጣ

አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። እንጀራ የምትጋግር ሴት አሠራሯን ለሰፈሩ ሁሉ ክፍት አድርጋለች። አንድ ትልቅ ሆቴል መጣና አሠራሩን ወስዶ፣ በራሱ ትልቅ ወጥ ቤት ጋግሮ፣ በእሷ ስም እየጠራ ለእንግዶቹ መሸጥ ጀመረ። ምን ትላለች? «ፈቅጃለሁና ይሁን» ትላለች ወይስ «ስሜን ተው» ብላ ትከሳለች?

ትልቁ ሆቴል አማዞን ነበር። በ2015 ኢላስቲክሰርችን በራሱ ማሽኖች ላይ እያሄደ ለደንበኞቹ በክፍያ ማቅረብ ጀመረ። ፈቃዱ አልከለከለውም። ኢላስቲክ ግን በ2019 «ስሜን ያለ አግባብ ተጠቅመሃል» ብሎ ከሰሰ። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ፈቃዱን ለወጠ፦ ከእንግዲህ ለራሳችሁ ሥራ ተጠቀሙበት፣ እንደ አገልግሎት ለሌላ ለመሸጥ ግን አይቻልም አለ። በሩ ተዘጋ ባይባልም ገርበብ አለ።

አማዞን ምን አደረገ? በሩ ክፍት ሳለ የወጣውን የመጨረሻውን ፕሮግራም ወስዶ፣ ኦፕን ሰርች የሚል አዲስ ስም ሰጥቶ፣ በዚያው ዓመት ለሁሉም ክፍት አድርጎ አወጣው። አንድ ጊዜ ለሰው የሰጠኸውን አሠራር መልሰህ ከጭንቅላቱ ልታወጣው አትችልም። የስሙ ክርክር በ2022 በስምምነት አለቀ፤ አማዞን በስሙ መጠቀም ተወ። ተፎካካሪው ግን ቀረ። ደንበኛውም «ካልተመቸኝ የምሄድበት ሌላ ቤት አለ» ማለት ቻለ።

ኦገስት 29 ቀን 2024 ኢላስቲክ በሩን መልሶ ከፈተ። የጨመረው ፈቃድ በክፍት ምንጭ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ትርጉሙ በእኛ ቋንቋ እንዲህ ነው፦ ወስደህ አሻሽለህ በኔትወርክ ለሰው የምታቀርብ ከሆነ፣ ያሻሻልከውንም እንደ እኛ ለሁሉም ክፈት። ባኖን ራሱ ደስታውን ጽፎ አወጣ።

በዚያው ቀን ማታ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ወጣ። በማግስቱ አክሲዮኑ ከሩብ በላይ ወረደ፤ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው ወደ 76 ዶላር ገደማ ሆነ።

የቁልፍ ዋጋ

የእህቴ ልጅ ሪፖርቱን ቁጥር በቁጥር አነበበልኝ። በሦስት ወር ውስጥ ሽያጩ 347 ሚሊዮን ዶላር፤ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ በ18 በመቶ አድጓል። የተጣራው ሒሳብ ገና ኪሳራ ቢሆንም ገበያው ከጠበቀው የተሻለ ነበር። እስከዚህ ድረስ እልል የሚያሰኝ ነው። ቀጥሎ ግን ስለ መጪው ጊዜ የተጻፈ አንድ መስመር አለ። ኩባንያው ለሙሉው ዓመት «ከ1.47 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንሸጣለን» ብሎ ነበር፤ አሁን «1.44 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል» አለ። ሥራ አስኪያጁ አሽ ኩልካርኒ ምክንያቱን ተናገረ፦ በዓመቱ መጀመሪያ የሽያጭ ሠራተኞችን የደንበኛ ድልድል ስለቀየሩ፣ ደንበኞች የፈረሙት አዲስ ውል ከታሰበው አነሰ።

ልዩነቱን አስሉት፤ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። የቡና ነጋዴው ልጅ «ለሁለት በመቶ ሩቡን መጣል እብደት ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ነው» አለ። ጥሩ ነጋዴ ነው፤ እንዲህ ማሰቡ አልገረመኝም። እኔ ግን አዲስ አበባ «የቁልፍ» የሚባለውን ነገር አስታወስኩት።

የሚሠራ ሱቅ ከሰው ስትረከቡ መደርደሪያው ላይ ላለው ዕቃ ብቻ አይደለም የምትከፍሉት። ለቁልፉም ትከፍላላችሁ። የቁልፍ ዋጋ ማለት ነገ፣ ከነገ ወዲያና ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያ በር የሚገባ ደንበኛ ዋጋ ነው። ትናንት ስንት እንደተሸጠ ለማወቅ ደብተር ይበቃል። ቁልፉን የሚያስወድደው ግን የነገው ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ከመስከረም ጀምሮ መንገዱ ሊቆፈር ነው» ቢላችሁ፣ የትናንቱ ሽያጭ ሳይነካ የቁልፉ ዋጋ በአንድ ቀን ይወርዳል። የሚወርደውም በመቶ ሁለት አይደለም፤ መንገዱ እስከ መቼ እንደሚቆፈር ማንም አያውቅምና እያንዳንዱ ገዢ የፈራውን ያህል ይቀንሳል።

አክሲዮንም ቁልፍ ነው። የኢላስቲክ አክሲዮን ገዢዎች 347 ሚሊዮኑን አላዩም ማለት አይደለም፤ እሱን ዋጋው ውስጥ አስቀድመው ከፍለውታል። አዲስ የሰሙት ነገር «ቃላችንን ዝቅ አድርገናል» የሚለው ነው። ኪኩቡ ውስጥ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ባለፈው ወር ብዙ ሸጦ፣ «የሚመጣው ወር ዕቃ እቀንሳለሁ» ቢል፣ ያበደሩት ሰዎች በዚያው ማታ በሩ ላይ ይቆማሉ። ያስደነገጣቸው የዕቃው ማነስ ሳይሆን «ሌላስ ምን አለ?» የሚለው ሐሳብ ነው።

ታዲያ በሩን መክፈቱስ? ኦፕን ሶርስን የሚወዱ ሰዎች ያን ቀን ደስ ብሏቸዋል፤ አክሲዮን ገዢዎች ግን ለዚህ ዜና ብለው ዋጋ አልጨመሩም፣ ዋጋ የቀነሱትም በሩ ስለተከፈተ አይደለም። በአንድ ቀን ሁለት ዜና ነበር፤ አንዱ ስለ በሩ፣ ሌላው ስለ ትእዛዝ መዝገቡ። ገበያው ያነበበው መዝገቡን ነው። የዕቁቡ ሰዎች እዚህ ላይ ተከራክረናል። ጋሼ «እንግዲህ ደግነት ዋጋ የለውም ማለት ነው?» አሉ። እኔ እንዲህ አልኩ፦ በር መክፈት ለብቻው አያስከፍልም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ሳይወጣ የሚቀረው ደንበኛ ግን ይቆጠራል። ያ ቁጥር የሚታወቀው በአንድ ቀን ዜና ሳይሆን በሚቀጥሉት ሪፖርቶች ነው።

እንዳልኩትም ሆነ። በኖቬምበር 2024 የሚቀጥለው ሪፖርት ወጣ። ሽያጩ አሁንም በ18 በመቶ አድጎ ነበር፣ ያው 18። ኩባንያው ግን የዓመቱን ግምት ከፍ አደረገ። አክሲዮኑ በማግስቱ ከ10 በመቶ በላይ ዘለለ። ዕድገቱ ተመሳሳይ፣ ፕሮግራሙ ተመሳሳይ፣ በሩም እንደተከፈተ። የተለወጠው ስለ ነገ የተሰጠው ቃል ብቻ ነው።

የሌሎቹን ዕጣ ፈንታም አየሁ። ሬድ ሃት በ1999 በ14 ዶላር ገበያ የገባ የክፍት ምንጭ ኩባንያ ነው። ሊነክስን ለሁሉም ክፍት አድርጎ፣ ድጋፍና ዋስትና እየሸጠ ሃያ ዓመት ኖረ፤ በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሃሺኮርፕ ደግሞ በ2021 ዲሴምበር በ80 ዶላር ገበያ ገባ። በ2023 ኦገስት ፈቃዱን ሲያጠብቅ ተጠቃሚዎቹ ኦፕን ቶፉ የሚል ክፍት ቅጂ አወጡ። በ2024 ኤፕሪል ያው አይቢኤም በ35 ዶላር ሒሳብ፣ በጠቅላላው በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። በር መዝጋት ነው ዋጋውን ያወረደው ብዬ አልፈርድም፤ በመካከል የቴክኖሎጂ አክሲዮን በሙሉ ወርዶ ነበር። ግን ከሁለቱ የምረዳው፣ መክፈትም መዝጋትም በራሱ ሀብት እንደማያመጣ ነው። ሬድ ሃትን ያቆየው ሲጠራ የሚደርስ ሰው መሆኑ ነው።

የዕቁብ ገንዘብ የማን ነው?

ወደ ልጁ ገንዘብ ልመለስ። አንዳንዶቻችን «ዕጣው የእሱ ነው፤ እንደፈለገ ያድርገው» አልን። ጋሼ ግን አንድ ነገር አስታወሱን። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው አሥራ አራት ሚሊዮን ሲቀበል፣ ገና ያልከፈላቸው ብዙ ወራት አሉ። ስለዚህ አብዛኛው ገንዘብ ከእኛ የተበደረው ነው። ለዚህ ነው ዋስ የምንጠይቀው። ዋሱ ደግሞ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ልብስ ሻጭ ናት። አክሲዮኑ ቢወርድ ቀሪውን ወር በወር የምትከፍለው እሷ ናት። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለዚህ ነው።

ለበዓል የሚመጣ ዕቃ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተሸጦ ገንዘብ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ወር መዋጮ ይከፍላል። አክሲዮን ግን ገንዘቡን የምትፈልጉት ቀን ዋጋው ስንት እንደሚሆን አይነግራችሁም። ልጁ አኮረፈ፤ ግን ዕቃውን ገዛ፣ ሸጠ፣ ዋሱንም አላስጨነቀም። በኖቬምበር አክሲዮኑ ሲዘል «እትዬ፣ ዕድሌን አስቀራችሁብኝ» አለኝ። ሒሳቡን አብረን ሠራን። በእርግጥ ያተርፍ ነበር። «ትርፉስ የአንተ ይሆን ነበር፤ ኪሳራው ግን የማን ይሆን ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። ከራሱ ትርፍ፣ ቢጠፋ የማይጎዳውን ያህል፣ ለእህቴ ልጅ ሊልክ እያሰበ ነው፤ በዚህ ማንም አይከለክለውም።

አክሲዮን የፈረንጅ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁም። እዚሁ ካምፓላ ኤምቲኤን ኡጋንዳ ዲሴምበር 6 ቀን 2021 አንዱን በ200 ሽልንግ ሸጦ ገበያ ገብቷል። ኤርቴል ኡጋንዳ በኖቬምበር 2023 በ100 ሽልንግ ተከተለ፤ ካቀረበው የተሸጠለት ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ነበር። ወደ አገራችን ስንመጣ ኢትዮ ቴሌኮም በኦክቶበር 2024 የ10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ሒሳብ በቴሌብር ለሽያጭ አቀረበ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ነው፤ የገዙት ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ትልልቅ፣ ደንበኛ የሞላቸው ኩባንያዎች ናቸው። ሆኖም ሰው ዝም ብሎ አልተሻማም። የኩባንያው ትልቅነት ሌላ፣ የተጠየቀው ዋጋ ሌላ መሆኑን ገዢው ያውቃል። «ትርፍ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ «ይህ ዋጋ ስለ ነገ ምን ያህል ተስፋ አስቀድሞ አስከፍሎኛል?» ብሎ መጠየቅ ግን ይበልጣል።

የዱቤ መዝገቤ

ከአክሲዮን ይልቅ ለእኔ የቀረበው የነገሩ ሌላ ወገን ነው፤ የገዢው ሳይሆን የተጠቃሚው። አብዛኞቻችሁ አክሲዮን ላትገዙ ትችላላችሁ። የሱቅ ፕሮግራም ግን ትገዛላችሁ። እዚህ አገር ከ2021 ጀምሮ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። በ2024 ኤፕሪል የካምፓላ ነጋዴዎች በዚሁ ጉዳይ ሱቅ ዘግተው እንደተቃወሙ ታስታውሳላችሁ። ያም ሆነ ይህ፣ ሒሳብ በኮምፒውተር መያዝ ከቅንጦት ወጥቷል።

እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት በወር 60 ሺህ ሽልንግ የሚከፈልበት ፕሮግራም ነበረኝ። የኩባንያውን ስም አልጠቅስም። ቆንጆ ነበር፤ ዕቃ ይቆጥራል፣ ዱቤ ይመዘግባል። አንድ ቀን ክፍያው 150 ሺህ ሆነ የሚል መልእክት መጣ። «ለምን?» ስል መልስ የሚሰጥ ሰው የለም። ለመውጣት ስፈልግ ደግሞ መዝገቡ ከእነሱ ፕሮግራም ውጭ የማይከፈት ሆነ። የሃያ ስድስት ደንበኛ ዱቤ እዚያ ውስጥ ነው! የሚበሉት ሰዎች ያላቸውን የሚያውቀው ማን ነው? ደግነቱ የእናቴን ልማድ አልተውኩም፤ ማታ ማታ ዱቤውን በደብተርም እጽፍ ነበር። ሁለት እሑድ ሙሉ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ገለበጥነው።

ያኔ የነበረኝ ጥያቄ ስለ ዋጋው አልነበረም። ዋጋ ይጨምራል፤ እኔም በርበሬ ሲወደድ እጨምራለሁ። ደንበኛዬ ግን ዋጋዬ ካልተስማማው ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ዘንቢሉን አልቀማውም። ያ ኩባንያ ዘንቢሌን ነበር የያዘው።

አሁን የምጠቀመው ክፍት ምንጭ የሆነ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ለፕሮግራሙ አልከፍልም። አንድ ኡጋንዳዊ ወጣት ባሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫነልኝ፤ በወር 70 ሺህ እከፍለዋለሁ፤ ማማ እያለ ይጠራኛል። ነፃ የተባለው ነገር ነፃ እንዳልሆነ ልንገራችሁ። የመዝገቡን ቅጂ በየሳምንቱ በፍላሽ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሲበላሽ የምጮኸው ወደ ትልቅ ድርጅት ሳይሆን ወደ አንድ ልጅ ነው። እንደ ድሮው ያማረ መልክም የለውም። ነገር ግን መዝገቡን በማንኛውም ቀን አውጥቼ ለሌላ ባለሙያ ልሰጠው እችላለሁ፤ ልጁም ይህን ያውቃል።

ትልልቆቹም እንደዚህ ያስባሉ። ፋይዳ የምንለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መታወቂያ የተሠራው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ላይ ነው። የኢትዮጵያም የኡጋንዳም ጤና ሚኒስቴሮች የሚጠቀሙበት የጤና መረጃ ፕሮግራም ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ክፍት ምንጭ ነው። የሚሊዮኖችን መዝገብ የያዘ መንግሥት ቁልፉ በአንድ ሻጭ እጅ እንዲሆን አይፈልግም። የሃያ ስድስት ሰው ዱቤ የያዘች ባለሱቅም እንደዚያው።

ፕሮግራም ልትገዙ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። መዝገቤን በማንኛውም ቀን፣ ሌላ ቦታ በሚከፈት መልክ ማውጣት እችላለሁ? እናንተ ብትዘጉ ወይም ዋጋ ብትጨምሩ ይህንኑ የሚያሄድልኝ ሌላ ሰው አለ? ሲበላሽ የሚመጣው ማን ነው፣ በስንት ሰዓት? ለሦስተኛው ጥያቄ የሚሰጣችሁን መልስ በጽሑፍ ያዙ።

ባለፈው ወር ሌላ ባለሙያ መጥቶ ያንኑ ሥራ በ50 ሺህ እንደሚሠራልኝ ነገረኝ። አመስግኜ መለስኩት። የእኔው ልጅ ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ፣ ደውዬለት በሃያ ደቂቃ ከንሳምቢያ ደርሶልኛል። ልሄድ እየቻልኩ ያልሄድኩት ለዚህ ነው። የኢላስቲክ አክሲዮን ገዢዎችም በየሦስት ወሩ ሪፖርቱን ገልጠው የሚፈልጉት፣ እንደ እኔ በሩ ተከፍቶለት ያልወጣ ደንበኛ ስንት እንደሆነ ነው።